ወፍ የተሣለበት ኮምፒውተር

ሩልፊና በሥራ ዘመኗ የወተት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ግን ጊዜዋን ሁሉ ለነጥብ ሰጥታለች። ባረጀ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ፣ ከዐሥራ ስድስቱ ቀለሞች አንዱን እየመረጠች፣ አንዲቱን ነጥብ ከሌላዪቱ ጎን እያሰፈረች ሥዕል ትሠራለች። በምትኖርባት በዊንስሆተን ከተማ ዙሪያ ያለውን ለጥ ያለ መስክ፣ ቦዩን፣ የጡብ ቤቶቹን፣ ብርዱ ሲያልፍ የሚመለሱትን ወፎች ሁሉ በዚህ መንገድ ሥላቸዋለች። አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ብርዱ ገብቶ እስኪወጣ ይፈጅባታል። ጎረቤቶቿ፣ በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት አያልቅም ወይ ብለው ሲጠይቋት፣ ሹራብም እኮ ከሱቅ ይገዛል ብላ ትመልስላቸዋለች።

ይህን ሥራዋን ለዓመታት ያዩት የአሮጌ ኮምፒውተር ወዳጆች ክበብ አባላት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ቢሆኑ ስለ ሥዕሉ ሳይሆን ሥዕሉን ስለያዘው ማሽን ዕድሜ መጠየቅ ይቀናቸዋል። በዚህ ዓመት ግን ያልታሰበ ነገር ሆነ። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ አንድ ቅዳሜ ወደ ክበቡ ብቅ ብላ ሥዕሎቹን አየች፤ እዚያው ቆማም ቀረች። ኮምፒውተሩ እንዳለ በቤተ መጻሕፍቱ የመንገድ መስኮት ውስጥ ተቀምጦ፣ ሥዕሎቹ እየተፈራረቁ ለአላፊ አግዳሚው እንዲታዩ ጠየቀች። ሰኞ ጠዋት በሩ ሳይከፈት መድረስ አለበት፤ ካልደረሰ መስኮቱ ተራ ለሚጠብቁት ለዳንቴል ሠሪዎቹ ማኅበር ይሰጣል።

ደስታ ሰውን ያስጌጣል፤ ሲበዛ ግን ያሞኛል። ሩልፊና ያን መስኮት ባሰበች ቁጥር የኮምፒውተሯ መልክ ያሳፍራት ጀመር። ፕላስቲኩ ከዕድሜ ብዛት ወይቦ የአጫሽ ጥርስ መስሏል። ስለዚህ ሆድ ዕቃውን በሙሉ አውጥታ በወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ደረደረችና ሣጥኑን ቀባችው፤ ከሥር አረንጓዴ መስክ፣ በመካከል ቦይ፣ በጎኑ ደግሞ ኪቪት የምትባለውን ባለ ቁንጮ የመስክ ወፍ ሣለችበት። ቀለሙ ሲደርቅ ዕቃውን ወደየቦታው መልሳ፣ ብሎኑን አጥብቃ ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው አንድ ጊዜ ዞር አለና ቆመ። ደግማ ብትጫን ያም ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ሥዕሎቹ ያሉት በዚያው ማሽን ዲስክ ላይ ብቻ ነው፤ በአዲሶቹ ስክሪኖች ላይ ቢታዩም ነጥቦቻቸው ውሃ እንደ ነካው ቀለም ይደበዝዛሉ። ዕለቱ ደግሞ ዓርብ ነበር።

ወዲያው ለራይንት ደወለች። ራይንት መርከብ ሲያልፍ ወደ ላይ የሚከፈት የቦይ ድልድይ ጠባቂ ሆኖ ያረጀ፣ መርከብ ቀርቦ ጡሩንባ እየነፋም እንኳ ሁሉን ሳያጣራ ድልድይ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ በክበቡም የታመመ ማሽን ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል። አመራመሩ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ገመዱን፣ ቀጥሎ ፊውዙን፣ ከዚያ የገመዱን መሰኪያ በቴስተር ይለካል፤ የሣጥኑን የመጀመሪያ ብሎን የሚፈታው ከሣጥኑ ውጭ የሚጠረጠር ነገር ሲያጣ ብቻ ነው። ከርሱ እጅ ማሽኑን በዚያው ሳምንት መልሶ የወሰደ ሰው የለም፤ ሳይድን የወሰደም ጥቂት ነው። ሩልፊና በስልክ ሁሉን ነገረችው፤ ስለ ቀለሙ ግን ዝም አለች። ሂልያ የምትባለው የክበቡ ገንዘብ ያዥ በኪቦርዷ ላይ የአበባ ተለጣፊ የለጠፈች ጊዜ፣ ኮምፒውተር የጋጣ በር አይደለም ብሎ በሰው ፊት የዘለፋት እርሱ ነውና፣ ሩልፊና ከማሽኑ ሕመም ይልቅ የሐኪሙን ምላስ ፈርታ ነበር። ነገ ይዤልህ እመጣለሁ፣ ከጠረጴዛህ ላይ ታገኘዋለህ ብላ ስልኩን ዘጋች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ክበቡ በሚሰበሰብበት በአሮጌው ትምህርት ቤት የቅዱስ ኒቆላዎስ በዓል ዋዜማ ነበር። በዚህ ዕለት አባላቱ አስቀድመው ዕጣ ይጣጣላሉ፤ እያንዳንዱም ለደረሰው ሰው ስጦታ ገዝቶ፣ ስጦታውን በእጁ በሠራው አንድ ነገር ሆድ ውስጥ ይሸሽጋል። የሽሙጥ ግጥምም ይጽፍለታል። ተቀባዩ ግጥሙን በሰው ፊት ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ፣ ያን የተደከመበትን ነገር ቀድዶና ሰባብሮ ስጦታውን ይፈልጋል። የሰጪው ስም ፈጽሞ አይነገርም፤ የሰጠው ቅዱሱ ነውና።

ሩልፊና ዝናቡን በላስቲክ ተከላክላ፣ ኮምፒውተሯን በብስክሌት ጋሪ ጎትታ ስትደርስ ራይንት ገና አልመጣም ነበር። ሣጥኑን በጎን ክፍል ካለው የመመርመሪያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀለሙንም ራሷ ልትነግረው አስባ በሩ ላይ ስትጠብቀው ሳለ ከወጥ ቤቱ ተጠራች። ለትኩስ ቸኮሌቱ የሚሆነው ወተት ተጥዷል፤ በክበቡ ዘንድ ደግሞ ወተት የሩልፊና ጉዳይ እንደ ሆነ ያለ ክርክር የጸደቀ ነው። ማማሰያውን አስጨበጧት።

የክበቡ ሊቀመንበር ፎኮ የተባለ ሰው ነው። ሥርዓት ይወዳል፤ ከመውደዱም የተነሣ የሰው ዕቃ ሳያነሣና ሳያዛውር አይውልም። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት አዳራሹን ሲዞር፣ በስጦታው ጠረጴዛ ላይ የወረቀት ዐሣማ፣ የካርቶን መርከብ፣ የጨርቅ ጎመን፣ በመካከላቸው ደግሞ አንድ ግራጫና አቧራማ አሮጌ ኮምፒውተር ተቀምጦ አየ። ግድየለሽ የሆነ አባል የተበላሸ ማሽኑን ከስጦታ መካከል ጥሎት ሄደ ብሎ አዘነ። ወደ ራይንት ጠረጴዛ ሲሄድ ደግሞ መስክና ወፍ የተሣለበት ያማረ ሣጥን ተቀምጧል። ይህንንም አንዱ ስጦታውን ያለ ቦታው አስቀመጠው ብሎ ፈረደ። ሁለቱን አለዋወጣቸውና እጁን አራግፎ፣ ዛሬም እኔ ባልኖር ኖሮ እያለ ወደ ሥራው ተመለሰ። ግራጫው ግን ሂልያ ዉቦ ለተባለው አባል የሠራችው ስጦታ ነበር። ከወዳደቀ ዕቃ መካከል ያገኘችውን ባዶ የኮምፒውተር ሣጥን ወስዳ፣ ከኋላው መሰኪያዎችን በማጣበቂያ ለጥፋ፣ ውስጡን በቅመም ብስኩት ሞልታ በብሎን ዘግታዋለች። ሥራዋ እጅግ እውነተኛ ስለ መሰለ ሐሰተኛውን እውነተኛ አሰኘው፤ የሩልፊና ቀለም ደግሞ እውነተኛውን ሐሰተኛ አሰኘው።

ራይንት መጣ። ግራጫውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ሲያገኝ፣ ሩልፊና ቃሏን የምታከብር ሴት ናት ብሎ መነጽሩን አደረገና በሩን ገርበብ አድርጎ ሥራውን ጀመረ።

በአዳራሹ ስጦታው ተጀመረ። የጨርቁ ጎመን ተቀደደ፤ የወረቀቱ ዐሣማ ታረደና ካልሲ ወጣለት። ከዚያም የዉቦ ስም ተጠራ። ዉቦ የከብት መኪና የሚነዳ፣ ክንዱ እንደ ሰው ጭን የሚያህል፣ ልቡ ግን የልጅ የሆነ ሰው ነው። በክበቡ ውስጥ የማይከፍተው ማሽን የለም፤ የዘጋው ግን እስካሁን አልታየም። ግጥሙን ተቀብሎ አነበበ፦

የከፈተው ሁሉ ሳይዘጋ የቀረ፣
ዉቦ ከመጣማ ሣጥን ተቸገረ።
ዛሬ ግን ተፈቅዷል፣ እጅጌህን ሰብስብ፤
ሆድ ዕቃውን ዘርግፍ፣ መዝጋቱን አታስብ።

ሰው ሁሉ ሣቀ። ከጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር የሚመስል አንድ ነገር ብቻ ስለ ነበረ ዉቦ አላመነታም። ሥዕሉን እያደነቀ፣ ይህን ማበላሸትስ ኃጢአት ነው እያለ፣ ካቻቢቴውን አውጥቶ ገባበት። ክዳኑ ተነሣ። ውስጡ የእውነት ኮምፒውተር ሆኖ ሲገኝ አዳራሹ በአድናቆት አጨበጨበ፤ ስጦታን ለመሸሸግ ይህን ያህል የደከመ ማን ይሆን ተባለ። ዉቦ ፓወር ሰፕላዩን መዝዞ አወጣ፤ ካርዶቹን ነቃቀለ፤ ሽቦውን እንደ አንጀት ጎተተ፤ ዲስኩን ገልብጦ አራገፈው። የተገኘ ነገር የለም። ስጦታው ማዘርቦርድ ከሚባለው ዋና ሰሌዳ ሥር ነው ብሎ ወሰነ፤ ማዘርቦርዱንም ፈታው። የሠራችው ሂልያ ብትኖር ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር፤ እርሷ ግን በዚያች ሰዓት በጎኑ ክፍል በር ላይ ቆማ ሌላ ትዕይንት ታያለች። ራይንት የብስኩት ሣጥኗን መሰኪያ በቴስተር ይለካል፤ ይለካና ራሱን ይነቀንቃል። ልትነግረው ፈልጋ ሥርዓቱ አፏን ያዛት፤ ብትናገር ሰጪዋ ትታወቃለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ትኩስ ቸኮሌት አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠችለትና፣ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች።

ሩልፊና የወተቱን ድስት ይዛ አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ወፏን ነው። ባዶው ሣጥን በጎኑ ተጋድሟል፤ በዙሪያው የማሽኗ ዕቃ እንደ ቄራ ሥጋ ተዘርግቷል። ድስቱን ባገኘችው ወንበር ላይ አኖረችው።

"ዉቦ፣ ምን እየሠራህ ነው?" አለች።

"ስጦታዬን እየፈለግኩ ነዋ። እስካሁን አንዲት ብስኩት እንኳ ጠብ አላለልኝም። ማን እንደሆነ ባውቅ ጫማውን እስማለሁ፣ ከዚያ አንቀዋለሁ።"

"የኔ ኮምፒውተር ነው።"

"ተይ እንጂ። ያንቺ ራይንት ጋ ነው፤ አሁን ሳልፍ ሲያክመው አይቻለሁ።"

"የኔ ነው እልሃለሁ። ወፏን በእጄ ነው የሣልኳት። ሰኞ መስኮቱ ላይ የሚቆመው እሱ ነው።"

ዉቦ ሁለት እጁን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አነሣ፤ ፖሊስ የያዘው ሰው መሰለ። ግጥሙ እኮ መዝጋቱን አታስብ ብሎኛል አለ በቀጭን ድምፅ፤ የሣቀለት የለም። ፎኮ ከአንገቱ እስከ ግንባሩ ቀልቶ፣ እኔ ነገሩን በሥርዓቱ ላስኬድ ብዬ ነው እንጂ አለ። ሩልፊና ወደ ዲስኩ ሄዳ አነሣችው፣ እንደ ዕንቁላልም በሁለት እጇ ያዘችው። የሥዕሎቿ ሁሉ ቤት እርሱ ነበርና።

በዚህ መካከል የጎኑ በር ተከፈተና ራይንት ግራጫውን ሣጥን እንደ ታቦት ተሸክሞ ገባ። ፊቱ የሐዘን ቤት ፊት ነበር። የተዘረገፈውን ዕቃ አላየውም፤ የሚያየው ሩልፊናን ብቻ ነው።

"ሩልፊና፣ ብትቀመጪ ይሻላል" አለ።

"ቆሜ እሰማለሁ፤ ተናገር።"

"አልቆለታል። ከገመዱ ጀምሬ አንድም ሳልዘል ነው የሄድኩት። ትንፋሽ የሚባል ነገር የለውም። በኔ ግምት ውስጡ ተቃጥሏል፤ ሽታው እስከ ውጭ ይመጣል።"

"ምን ምን ይላል ሽታው?" አለች ሂልያ ከኋላው፣ ሣቋን እያፈነች።

ራይንት ለእውነት የቆመ ሰው ነውና ዐይኑን ጨፍኖ አሸተተ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ደግሞ አሸተተ።

"ቀረፋ" አለ በመጨረሻ። "ትንሽ ደግሞ ቅርንፉድ።"

ዉቦ ጠጋ ብሎ አፍንጫውን ከሣጥኑ አየር ማስገቢያ ላይ አሳረፈና፣ ይሄማ የኔ ነው አለ። አዳራሹ ያን ጊዜ ፈረሰ። ሰው በሰው ላይ እየወደቀ ሣቀ፤ ሂልያ እንባዋን መጥረግ አቅቷት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሰጪው ማን እንደ ሆነ ማንም አልጠየቀም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ራይንት ብቻ ሣጥኑን እንደ ተሸከመ፣ ምን ተገኘ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመለከት ነበር።

ሩልፊና በዚህ ሁሉ አልሣቀችም፤ ስላዘነች ግን አልነበረም። ዐይኗ ከባዶው ሣጥን ወለል ላይ ተተክሎ ቀርቶ ነው። ማዘርቦርድ ከብረቱ ወለል ጋር እንዳይነካካ ከፍ አድርገው የሚይዙት ጥቃቅን የናስ እግሮች አሉ፤ ብሎኑ በማዘርቦርዱ ቀዳዳ አልፎ ከእነርሱ ላይ ይጠብቃል። እነዚያ እግሮች ተራ በተራ ቆመዋል። አንዷ ግን ጫፏ ተፍቆ ያበራል። ሩልፊና ማዘርቦርዱን አንሥታ ከወለሉ በላይ ያዘችውና አስተያየች፤ በዚያች እግር አናት ላይ ቀዳዳ የለም። ያለው የማዘርቦርዱ ሽቦ ነው። እግሪቱ ሽቦውን ነክታ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ወደ ሣጥኑ ብረት ታፈስሰው ነበር፤ ማሽኑም ራሱን ለማዳን ወዲያው ይጠፋል።

ማን እንዳስገባት ታውቃለች። ቀለሙ ደርቆ ዕቃውን ስትመልስ አንዲት እግር በጠረጴዛው ላይ ተርፋ ነበር። እርሷም የተረፈ ዕቃ ቦታ ሊኖረው ይገባል ብላ፣ ክፍት ያገኘችው ጉድጓድ ውስጥ አጥብቃ ሰካቻት። ፎኮን ልትቆጣው የቃጣችበት ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ከጉሮሮዋ ወደ ሆዷ ተመለሰ፤ ሰው ሌላውን የሚከስስበት ጥፋት ብዙ ጊዜ በገዛ ቤቱ ይገኛልና።

"ራይንት፣ ያንን አስቀምጥና እቺን እይልኝ" አለች።

ራይንት ጎንበስ አለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። የዕቃውን መዘርገፍ፣ የሣጥኑን ቀለም፣ የግራጫውን ሣጥን ምሥጢር በአንድ ጊዜ ሲረዳ ጆሮው ቀላ፤ ነገር ግን እግሪቱን ለረጅም ጊዜ ከመረመረ በኋላ የተናገረው ሌላ ነው።

"ልክ ነሽ። በኔ አካሄድ እዚህ የምደርሰው ከገና በኋላ ነበር።"

"አያችሁ?" አለ ዉቦ።

"አንተ ዝም በል፤ ብስኩትህን ብላ" አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ።

እንደዚያም ሆነ። ዉቦ ከግራጫው ሣጥን ጋር ጥግ ላይ እንዲቀመጥ፣ የእጁ ጣቶችም ከብስኩት በቀር ምንም እንዳይነኩ ተፈረደበት። የቱ ሽቦ ከየት እንደ ወጣ ሲጠየቅ፣ ሁሉም ከውስጥ ነው የወጣው ብሎ መለሰ። ራይንት ግን እንዲህ ላለው ጊዜ የተፈጠረ ሰው ነበር። ያቺ ትርፍ እግር በፒንሳ ከተነቀለች በኋላ ማዘርቦርዱን አስተካክሎ አስቀመጠ። ሩልፊና ብሎን ታቀብለዋለች፤ እርሱ ያጠብቃል። ፎኮ መብራት ይዞ እንዲቆም ታዘዘ፤ ሳይነቃነቅም ቆመ። ካርዶቹ ወደየቤታቸው ገቡ፤ የተጎተተው ሽቦ ተፍታትቶ ተሰካ። በመጨረሻ ሩልፊና ዲስኩን ከእጇ ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየች። ዉቦ ገልብጦ ሲያራግፈው ወድቆበት እንደ ሆነ ሊጠይቁት ሲዞሩ፣ ዉቦ ማኘኩን አቁሞ፣ ከእጄ አልወደቀም፣ ግን አራግፌዋለሁ አለ። ሩልፊና ዲስኩን ለራይንት አቀበለችው፤ እርሱም ከቦታው ሰካው።

ሩልፊና ማብሪያውን ተጫነች። ማራገቢያው ዞረ፤ ቀጠለም። ከጎኑ በተሰካው የክበቡ አሮጌ ስክሪን ላይ ቁጥሮች እየሮጡ ወጡ። ዲስኩ እንደ ወፍጮ አጉረመረመ፣ ዝም አለ፤ ዝምታውም ከሚገባው በላይ ረዘመ። ራይንት እጁን በሣጥኑ ላይ፣ ልክ በወፏ ጀርባ ላይ አሳርፎ ያዳምጥ ነበር። ከዚያም ዲስኩ እንደገና አጉረመረመና፣ ከስክሪኑ አናት ጀምሮ ሰማይ መውረድ ጀመረ፤ ግራጫ ሰማይ፣ በሥሩ የጡብ ጣሪያዎች፣ በሥራቸው ቦይ፣ በቦዩም ላይ ከፍ ብሎ የተከፈተ ድልድይ። አባላቱ ያን ሥዕል ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይተውት ነበር። በዚያ ከሰዓት ግን ስለ ማሽኑ ዕድሜ የጠየቀ አልነበረም። የቀዘቀዘው ቸኮሌት እንደገና ተጣደ።

ሰኞ ጠዋት ዝናቡ አላባራም። ኮምፒውተሩ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ውስጥ፣ ወፏ ወደ መንገዱ ዞራ ተቀምጧል። ሩልፊና ከመንገዱ ማዶ ባለው ዳቦ ቤት ዳስ ሥር ቆማ ታይ ነበር። ወደ ሥራ የሚሮጡ ሰዎች ያልፋሉ፤ ግማሾቹ ጥቂት አልፈው ይመለሳሉ። ጋሪ የምትገፋ አንዲት እናት ሦስት ሥዕሎች እስኪፈራረቁ ድረስ ከነሕፃኗ በዝናብ ቆመች። ከዚያም ሩልፊና ብስክሌቱን ይዞ የቆመ ረጅም ሰው አየች፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን የመክፈቻ ሰዓት የሚያነብ ይመስላል፤ የሚያነበው ግን እጅግ ቆየ። ተሻግራ አጠገቡ ቆመች። ራይንት ዞሮ አላያትም።

"የቁንጮዋ ጥላ በግራ በኩል ነው የወደቀው" አለ።

"የጠዋት ፀሐይ ስለሆነች ነው።"

"አውቃለሁ። ልክ ነው ማለቴ ነው።"

እንዲህ ያለ ምስጋና ከርሱ አፍ ሲወጣ የሰማ በከተማው የለም። የዝናቡ ውሃ ከቆቡ ጠርዝ ይንጠባጠባል። ራይንት ጉሮሮውን ጠረገ።

"የኔም ማሽን አንዲት ብትኖረው ክፉ አይሆንም። ትንሽ። በግድግዳው በኩል ባለው ጎን።"

"በግድግዳው በኩል ከሆነ ማን ያያታል?"

"እዚያ እንዳለች ካወቅኩ ይበቃኛል።"

ሩልፊና ሣቋን በአንገት ልብሷ ውስጥ ደበቀችና፣ እሺ፣ ምን ዓይነት ወፍ ትሁን ብላ ጠየቀችው። ራይንት ይህን በቀላል አልተመለከተውም። መስኮቱ ውስጥ አንድ ሥዕል ጠፍቶ ሌላው እስኪወርድ አሰበበት።

"ሽመላ" አለ። "ድልድዩ ሥር አንዲት ነበረች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውሃውን ታያለች፤ ዐሣዋን ግን ስታ አታውቅም።"